ጠርዝ ያለው ባሕር

«አንቺ ነፊሳ፥ ሰማይሽን ምን ነካው? ተቀዶብሽ ነው የጣፍሽው?»

ፈትለወርቅ ይህን ያለችው ለክፋት አልነበረም። ጥጥ ፈትላ የምታድር ጎረቤት ናት፤ እሷ ክርስቲያን ነፊሳ ሙስሊም ሆነው ግድግዳ ለግድግዳ ተጠግተው ዓመታት ኖረዋል። ሠርግ ያለበት ቤት ማልዶ መድረስ ወግ ነውና ጤዛው ሳይረግፍ አንድ እንስራ ውሃ አዝላ ገባች፤ እንስራውን ከጓዳ አሳረፈችና እጇን በቀሚሷ ጠራርጋ አልጋው ላይ ወደተዘረጋው ሥራ ተጠጋች። ነፊሳ ክረምቱን ሙሉ ስትሰፋው የከረመችው የአልጋ ልብስ ነው። ባሏ ጀላል መካነ ኢየሱስ ገበያ ዳር ልብስ ሰፊ ነው። ከስፌት መኪናው ሥር የሚወድቀውን ቁርጥራጭ፣ የፖሊሱን ካኪ፣ የባላገሩን አቡጀዲ፣ የወይዘሮዎቹን ከፋይና ሳቲን፣ ሁሉንም እየለቀመች፣ በየቀለሙ እየለየች፣ ቁራጭ ከቁራጭ እየገጠመች ሠራችው፤ ከሥሩ የተነደፈ ጥጥ አንጥፋ በገበር ዘጋችው። ሰው ስም ማውጣት አይቸግረውም፤ ሰፈሩ «የነፊሳ ድሪቶ» አለው። «ሙሽራ በድሪቶ ስትሸኝ ደግሞ እንይ!» ብለው የሳቁም ነበሩ። ተዘርግቶ ያየው ግን አልሳቀም። ከመካከሉ ሰማያዊ ባሕር ተኝቷል፤ በባሕሩ ላይ ጭስ የሚተፋ መርከብ፣ በአንዱ ማዕዘን የተምር ዛፎች፣ በሌላው መስኮቱ ከላይ ቅስት የሆነ ነጭ ቤት። ከባሕሩ ላይ ወጥቶ ሰማዩን ለሁለት የሚከፍል ቀጥ ያለ ነጭ መስመር ነበረበት፤ ፈትለወርቅ ጣቷን ያሳረፈችው እዚያ ላይ ነው።

«ኧረ ፎቶግራፉም ላይ አለ» አለች ነፊሳ። «እኔ ከቤቴ ምን አምጥቼ እጨምራለሁ? ያለውን ነው የሰፋሁ።»

እውነቷን ነው። ከእስቴ ወጣች ቢባል አንድ ጊዜ ዓይኗን ታማ ደብረ ታቦር ደርሳ መመለሷ ነው። ባሕሩንም መርከቡንም ያገኘችው አማቷ ሐጂ አብዱልወሃብ ከመካ ሲመለሱ ይዘዋቸው ከመጡት ፎቶግራፎች ነው፤ በመስታወት ገብተው ከእልፍኙ ግድግዳ ተሰቅለው ነበር። ትልቁ ላይ ሐጂ ቀኝ እጃቸውን ወንበር አስደግፈው ቆመዋል፣ ከኋላቸው ባሕሩ እስከ ሰማይ። ነፊሳ ለፈትለወርቅ ልታሳያት ከችንካሩ አወረደችው፤ የተጠራቀመውን ጥላሸት በሻሽዋ ወልውላ ወደ በሩ ብርሃን ያዘችው። እስከዚያ ቀን ፎቶውን ያየችው ከጨለማው ግድግዳ ላይ ነው። መስመሩን የመርከብ መንገድ ይሆናል ብላ ነበር የገመተችው፤ ባሕር ያላየ ሰው የባሕርን ጠባይ ከወዴት ያውቃል? አሁን ግን የማለዳ ፀሐይ ሲያርፍበት መስመሩ ዳርና ዳሩ ጭምድድ ያለ ሆነ። ሁለት ጨርቅ ጎን ለጎን ሲገጠም ክር የሚያጠብቀው ሰው ሲቸኩል የሚወጣ ጭምድድ ነው። ዝቅ ብላ አየች። ከሐጂ ጫማ አጠገብ ባሕሩ ያልቃል። እንደ መጋረጃ ጫፍ ታጥፎ፣ ተቀምቅሞ፣ ከሥሩ ጣውላ ወለል ይታያል። ሐጂ አንድ እግራቸውን የባሕሩ ጠርዝ ላይ አድርገው ቆመዋል።

«እውነትም አለ» አለች ፈትለወርቅ። «እንግዲያ የዐረብ ሰማይም እንደኛ ጨርቅ ይቀደዳል በይኛ!» ሳቀችና ሽንኩርት ልትልጥ ወደ ማጀት ገባች።

ነፊሳ ግን ፎቶውን ይዛ በሩ ላይ ቀረች፤ እውነተኛውን ባሕር የተሻገረ ሰው የጨርቅ ባሕር ላይ ምን ያቆመዋል? ለዛሬዋ ሙሽራ፣ ለባሏ እህት ለአሚና፣ እናትም እህትም እሷ ነበረች፤ የጀላል እናት ስትሞት አሚና ገና ዳዴ የምትል ነበረች፣ ነፊሳ ደግሞ ለቤቱ አዲስ ሙሽራ። አላህ የማህፀን ልጅ አልሰጣትም፤ አሚናን ግን ሰጣት። ዛሬ አሚናን ሊወስዱ የሚመጡት የአርብ ገበያው ሐጂ ረሕመቶ ናቸው፣ የሙሽራው አባት። ቆዳና ቅቤ እየጫኑ አስመራንና ምጥዋን እንደ ጓሯቸው የሚያውቁ፣ ባሕሩን ተሻግረው ሐጅ ያደረጉ ነጋዴ። ሽማግሌ የላኩ ጊዜ ያሉትን ከተማው ሁሉ ሰምቶታል፦ «የምፈልገው የሐጂ ልጅ ነው። የሐጂ ልጅ ካልሆነችማ ከጋይንት እስከ ስማዳ ልጅ ሞልቶ የለ?» ኒካሕ ቀርቦ የተመለሰችን ልጅ ደግሞ ማን ይጠይቃታል? ሙስሊሙ በየገበያው ከተማ ጥቂት ጥቂት ቤት ነው፤ ሁሉም ይተዋወቃል፣ ወሬው ከበቅሎ ይቀድማል። ረሕመቶ ይህን የአልጋ ልብስ ሲዘረጋ ያዩታል። ምጥዋን የሚያውቅ ዓይን የጨርቅ ባሕርን አያጣውም። ነፊሳ በገዛ መርፌዋ የአማቷን ገመና ለሙሽራዋ መሸኛ አድርጋ ሰፍታለች።

አማቷ የተመለሱበትን ቀን አስታወሰች። ሰው ወንዙ ድረስ ወጥቶ ነበር የተቀበላቸው፤ «ሐጂ! ሐጂ!» እያለ እጃቸውን ለመሳም ተሻማ። ከስተው፣ ጠቁረው፣ በቅሎዋ ላይ እንደ ጆንያ ተጭነው ነበር የመጡት። አንድ ነገር ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፤ ነፊሳ አይታለች። ሕዝቡን ተመለከቱና መልሰው ዘጉት። «ዘምዘሙስ?» ያለ ነበር፤ «መንገድ ላይ ፈሶባቸው ይሆናል» ብሎ ሌላው መለሰላቸው። ካዕባ እንዴት ነው ሲባሉ ዝም፤ ዝምታቸውንም ሰው «ያየ ሰው እንዲህ ነው፣ አፉን ይይዘዋል» ብሎ ተረጎመላቸው። የባሕር ነገር ሲነሣ ከተቀመጡበት ተነሥተው ይወጡ ነበር። ነፊሳ ዓመታቱን እንደ ጥጥ እያባዘተች ፈለገች፤ አንድ ቀን እንኳ «እኔ ሐጂ» የሚል ቃል ከአፋቸው ሰምታለች? አልሰማችም። መልእክት ሲልኩ እንኳ «አብዱልወሃብ ብሏል በላቸው» ነበር የሚሉት። ሐጂ ያላቸው ሰው ነው። እሳቸው ዝም አሉ እንጂ።

ወደ በረንዳው ወጣች። ጀላል የሙሽራዋን ሱሪ ጠርዝ ሊጨርስ መኪናውን እየረገጠ ነው።

«ጀላል፥ አባትህ ባሕሩን በስንት ቀን ተሻገሩት?»

እግሩ ቆመ። ቀና አላለም። መርፌው ከጨርቁ ውስጥ እንደተሰካ ቀረ፤ ከከተማው ጀርባ ካለው አውድማ የገብስ ውቂያ ላይ በሬ የሚነዱ ሰዎች ድምፅ ይመጣል። «ዛሬ ነው እንዴ የምትጠይቂው?» አለ በቀስታ። ከዚያ መኪናውን ከቅድሙ ይልቅ አብልጦ ይረግጠው ጀመር። ነፊሳ ገባት። አንድ አልጋ ላይ አብረው እያደሩ ይህን ሁሉ ዘመን ብቻውን ተሸክሞታል። እሷ ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ።

ትንሿን መቀስ አንሥታ ወደ አልጋው ተመለሰች። ከሰማዩ ጫፍ ጀምራ የነጩን መስመር ስፌት አንድ በአንድ ትፈታ ገባች። ልትፈታው፣ ጨርቁን ልታጠጋጋው፣ በሰማያዊ ክር መልሳ ልትደፍነው ነው ሐሳቧ፤ እንግዶቹ እስከ ቀትር አይደርሱም። የጠበቀ ስፌት ነው፤ ለልጅዋ ብላ ክሩን አጥፋ ነበር የሰፋችው። መካከሉ ላይ ስትደርስ ብርሃኑ ጠፋባት። ሐጂ አብዱልወሃብ ከበሩ ቆመዋል፤ አዲስ ጥምጥም አድርገው፣ መቁጠሪያቸውን ይዘው።

«ምን ታደርጊያለሽ?»

«ተሳስቼ ነው፥ ሐጂ። ይህቺ መስመር አላማረችኝም።»

መስመሩን አዩት። ከአጠገቡ ተንጋሎ የተኛውን ፎቶግራፍ አዩት። መቁጠሪያው በጣታቸው መካከል መሮጡን አቆመ። ከማጀት የፈትለወርቅ ሙቀጫ ድም ድም ይላል። ነፊሳ ቀና ብላ ፊታቸውን ማየት አልደፈረችም፤ የምታየው እግራቸውን ነው፣ ያንኑ ባሕር ላይ የቆመውን እግር።

«አልተሳሳትሽም» አሉ። «ያለውን ነው የሰፋሽው» ብለው ወጡ።

መቀሱን እንደያዘች ቀረች። ፍቺ ነው ያሏት ወይስ ተዪ? ይህን እያወጣች እያወረደች ሳለ በሩ ላይ እልልታ ቀለጠ። የአርብ ገበያ ሰዎች መንገድ አድረው፣ ጎሕ ሲቀድ ተነሥተው፣ ከታሰበው ሰዓት ቀድመው ደረሱ። በቅሎዎቹ ግቢውን ሞሉት። ነፊሳ መርፌ ልታነሣ ስትል ሴቶቹ ገቡ፤ «ሙሽራዋ የምትይዘውን ወንዶቹ ይዩ ተብሏል» እያሉ፣ እየዘፈኑ፣ የአልጋውን ልብስ ከእጇ ነጥቀው እልፍኙ ውስጥ እንግዶቹ ፊት ዘረጉት። ከላይ እስከ መካከሉ የተፈታው ስፌት አፉን ከፍቷል፤ ጥጡ ብቅ ብሎ ይታያል። ባትነካው ኖሮ ምናልባት ማንም አያየውም ነበር።

ሐጂ ረሕመቶ ጢማቸውን ሒና የቀቡ፣ ግዙፍ፣ ሳቂታ ሰው ናቸው። ከዘራቸውን እየተመረኮዙ የአልጋውን ልብስ ዞሩት። «ይህን ነው ድሪቶ ነው ብላችሁ ያስፈራራችሁኝ?» አሉ ወደ ሰዎቻቸው ዞረው። «ድሪቶስ እኔ የለበስሁት ጋቢ ነው!» ቤቱ ሳቀ። እሳቸውም እየሳቁ የከዘራቸው ጫፍ ከተፈታው ስፌት ላይ ሲደርስ ቆመ። ጎንበስ አሉ። ጣታቸውን በቀዳዳው አስገብተው ወደ ታች፣ ወደ ባሕሩ ጠርዝ ወሰዱት። ቀና ብለው አብዱልወሃብን ተመለከቷቸው። ሳቁ በየአፉ ላይ ደረቀ። ነፊሳ የጓዳውን መጋረጃ ጨብጣለች።

«ይህችን ባሕር አውቃታለሁ» አሉ ረሕመቶ።

ጀላል ወደ በሩ አየ።

«ምጥዋ፣ ከጉምሩኩ ማዶ አንድ ግሪክ ፎቶ አንሺ አለ። ግድግዳው ላይ በችንካር የሰቀላት ናት! እንዲህ ከመካከሏ የተሰፋች። እውነተኛው ባሕር ከበሩ ላይ ተኝቶ እያለ 'ፀሐዩ ያበላሽብኛል' ብሎ ሰውን በጨርቅ ባሕር ያስነሣል። እኔም ከሐጅ ስመለስ ቆሜባታለሁ። ኧረ ሐጂው ሁሉ እሷ ላይ ቆሞ ነው የሚነሣ!» እስኪያስላቸው ሳቁ። ቤቱም ተከትሎ ሳቀ፤ ከሁሉ የሚበልጠው ሳቅ የጀላል ነበር። ነፊሳ መጋረጃውን ለቀቀች። አልሐምዱሊላህ። የጨርቅ ባሕር በማንም ላይ አይመሰክርም ለካ፤ የተሻገረውም ያልተሻገረውም ጠርዙን ረግጦ ቆሞበታል።

«ለመሆኑ በየትኛዋ መርከብ ነበር አንቱ የተሻገሩ፥ ሐጂ ወንድሜ?» አሉ ረሕመቶ።

«ብርዝ! ብርዝ አምጡላቸው እንጂ!» ብሎ ጀላል ጮኸ። ብርዙ መጣ፤ ጥያቄው ከመጠጫዎቹ ኳኳታ ውስጥ ጠፋ። በጉ ታርዶ ወጡ ደርሶ ነበር፤ ለክርስቲያን ጎረቤቶች ተለይቶ የተሠራውን ፈትለወርቅ በሌላ ድስት ታማስላለች። የጥጥ ነገር ተነሣ፣ ዘንድሮ የቆዳ ዋጋ መውደቁ ተነሣ፣ የስማዳ መንገድ ገደሉ ተነሣ። ሁሉም ያወራል። አብዱልወሃብ ብቻ የተዘረጋውን ልብስ ያያሉ። ነፊሳ ከመጋረጃው ኋላ ሆና «ያረቢ፥ ዛሬን ብቻ» አለች በልቧ።

ለኒካሑ ሸሁ መካከል ገቡ። የልጅቱ አባትና ሙሽራው ፊት ለፊት ተቀምጠው እጅ ለእጅ ተያያዙ፤ በተያያዘው እጅ ላይ ነጭ ነጠላ ተጣለ። አባት ልጁን በገዛ አፉ ነው የሚሰጥ፤ ሌላ ሰው አይናገርለትም።

«ከእኔ በኋላ ይበሉ» አሉ ሸሁ። «እኔ፥ ሐጂ አብዱልወሃብ።»

«እኔ» አሉ። ቆሙ።

«ሐጂ አብዱልወሃብ።»

«እኔ አብዱልወሃብ።»

ሸሁ ፈገግ አሉ። «ትሕትናዎ ይገባናል። ዛሬ ግን ምስክር ፊት ነው፤ ስም ከነማዕረጉ ነው የሚጠራ።»

«ማዕረጉ የእኔ አይደለም» አሉ አብዱልወሃብ። «እኔ ምጥዋ ድረስ ነው የሄድሁት።»

ጀላል ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። ከሙሽራው ወገን አንድ ጠና ያለ ሰው፣ የረሕመቶ ወንድም፣ ዱላውን ይዞ ብድግ አለ። «ተነሡ እንሂድ! ከሐጂ ቤት ነው ብለን አይደለም እንዴ የመጣን?» ሌሎቹ ረሕመቶን አዩ። ነፊሳ የምታየው ነጠላውን ነው። ከሥሩ እጆቹ አልተላቀቁም። አሚና ከጓዳ ሆና «ምንድን ነው? እትዬ፥ ምን አሉ?» ትላለች።

ረሕመቶ እጃቸውን አንሥተው ዝም አሰኙ። «ታመው ነው?»

«አልታመምሁም።»

«ስንቅ አለቀብዎ?»

«አላለቀም።»

«ታዲያ?»

«አየሁት» አሉ አብዱልወሃብ። «ባሕሩን አየሁት። ወደ መርከቡ የምታደርሰው ጀልባ ላይ አንድ እግሬን አሳረፍሁ። ከሥሬ ተንቀሳቀሰች። የቆላውንም የደጋውንም መሬት ረግጬ አውቃለሁ፤ አንዱም ከሥሬ ተንቀሳቅሶ አያውቅም። እግሬን መለስሁ። በማግሥቱ ሄድሁ፣ አላነሣው አለኝ። ያን የጨርቁን ግን አልፈራሁትም። ቆምሁበት።»

ረሕመቶ ጎንበስ ብለው ጣታቸውን ዳግመኛ ከተፈታው ስፌት ውስጥ አስገቡ።

«እኔን» አሉ ቀና ሳይሉ፣ «ይኼ አሁን ተነሡ የሚለው ወንድሜና አንድ የየጁ ሰው ግራና ቀኝ ይዘው ነው ያስገቡኝ። ዓይኔን በጥምጥሜ አስረው። እንደ ሙክት እየጮህሁ። እንዳትናገር ብዬ አስምዬዋለሁ።» ወንድምየው ዱላውን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። ረሕመቶ አብዱልወሃብን ተመለከቱ። «አንተን የሚይዝህ ሰው አልነበረም?»

አንቱ ማለታቸውን ትተዋል። ንቀት ይሁን ወንድምነት ነፊሳ መለየት አቃታት።

«ብቻዬን ነበርሁ።»

ረሕመቶ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ከዘራቸውን መሬት ላይ አጋደሙና «ሸሁ፥ ይቀጥሉ» አሉ። «ሐጂ የሚለውን ይተዉት።»

«እኔ አብዱልወሃብ፥ ልጄን አሚናን…» አሉ አባትየው፤ እስከ መጨረሻው አሉት። እልልታው ግን እንደ ጠዋቱ አልነበረም፤ ግማሹ ሴት ግማሹን እያየ ነው ያለው። የረሕመቶ ወንድም ከማዕዱ አልቀረበም። ውጭ በቅሎዎቹ ዘንድ ተቀምጦ፣ የቀረበለትን ሳይነካ፣ መሄጃው እስኪደርስ ቆየ።

ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ አሚና በቅሎ ላይ ወጣች። ነፊሳ የአልጋውን ልብስ አጣጥፋ ከኮርቻው ኋላ ስታስር የተፈታው ስፌት ወደ ላይ ሆነ። የሚዘጋበት ጊዜ አልነበረም። ሰማያዊ ክር ያለበት መርፌ ከአሚና ነጠላ ጥለት ላይ ሰካችላት። «ስትደርሺ ዝጊው።»

«እትዬ» አለች አሚና በሹክሹክታ፣ ፊቷ እንደተሸፈነ። «አባዬ ምን አድርገው ነው ሁሉ የሚያየኝ?»

«ስማቸውን ተናገሩ።»

ሙሽራዋ ከሄደች በኋላ ግቢው ውስጥ የበቅሎ ፋንድያና የተረገጠ ሣር ብቻ ቀረ። ፈትለወርቅ ድስቶቿን ይዛ ልትወጣ ስትል አብዱልወሃብን ደጃፍ ተቀምጠው አገኘቻቸው። «እንኳን ደስ ያለዎ፥ ሐ…» ብላ ዋጠችው። ሰምታለች ማለት ነው፤ እሷ ከሰማች ነገ ገበያው ሁሉ ሰምቷል።

«አብዱልወሃብ በይኝ፥ ፈትለወርቅ። ድሮም ስሜ እሱ ነበር።»

«ኧረ በሞትሁት! አባት የሚያህል ሽማግሌ በስሙ ይጠራል እንዴ? እኔ ጋሼ ነው የምልዎ፣ ጋሼም ሆነው ይቀራሉ» አለችና ድስቷን አቅፋ ሄደች።

ነፊሳ ለመግሪብ ሶላት ውዱእ የሚያደርጉበትን ውሃ በማንቆርቆሪያ ይዛ ወጣች። ፎቶግራፉ ከጠዋት ጀምሮ አልጋው ላይ ተንጋሎ እንደተኛ ነው፤ ችንካሩ ባዶውን ቀርቷል። የሰቀለውም ያነሣውም የለም። ከጎናቸው ተንበረከከች።

«እውነተኛው እንዴት ያለ ነው፥ አባዬ?»

«አባዬ» የሚለው ቃል ሰው ሁሉ ወንዙ ድረስ ከወጣበት ከዚያ ቀን ወዲህ ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። አብዱልወሃብ መዳፋቸውን ዘረጉላት፤ ትንሽ ውሃ አፈሰሰችበት። መዳፋቸውን ወደ አንድ ወገን ዘንበል፣ ወደ ሌላው ወገን ዘንበል አደረጉት። ውሃው እየዋለለ፣ የመጨረሻዋን ብርሃን እየያዘ እየለቀቀ፣ በጣታቸው መካከል ሾልኮ አለቀ።

«እንዲህ ነው» አሉ። «አያርፍም።»

ነፊሳ እርጥቡን እጅ ትኩር ብላ አየችው። «እንግዲያ ስፌት አይይዘውም።»

«አይይዘውም» አሉና ውሃውን እንድታፈስላቸው ሁለቱንም እጃቸውን ዘረጉ።